ከኋላ ያሉት ሰሙ?

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቶ ጣና ሞልቷል።

ባለፈው ስትደውዪ «ቴአትሩን ልተወው ነው፤ ፊልም ቢሆን እሺ፣ መድረክን ማን ያየዋል?» አልሽኝ። ኔትወርኩም አላስወራን። ይኸው ቡናዬን አፍልቼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

አንቺ ገና ድክ ድክ ስትዪ፣ በፋሲካ ሰሞን አንድ የታወቀ የፊልም ተዋናይ ከአዲስ አበባ ቴአትር ይዞ መጣ። ፖስተሩ ከጊዮርጊስ እስከ ሐይቁ ዳር ተለጥፏል። እኔ ያኔ አዳራሹ በር ላይ ቡና እሸጣለሁ። የባጃጅ ሹፌሩ ሳይቀር ሥራውን ትቶ ይጋፋል። ሰው የመጣው ፊቱን ሊያይ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ሹልክ ብዬ የገባሁት ለዚያው ነው።

ብቅ ሲል ፉጨቱ ቀለጠ። ለካ አጭር ነው! አጠገቤ ያለችው ሴት «ይሄ ነው እንዴ?» አለች። ፊልም ላይ ፊቱ ግድግዳ ይሞላል፤ ከኋላ ወንበር ሆነሽ ስታዪው ግን አውራ ጣት አያክልም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ድርግም አለ። ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። እሱ ግን አላቆመም። ከሞተች እናቱ ጋር ነበር የሚያወራው። ሳንቃው ሲንቋቋ ወዴት እንደተራመደ እናውቃለን፤ ሌላው ድምፅ ብቻ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ትዝ አለኝ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክልን ፊቱን ማን አየው? አንዱ የሞባይሉን ባትሪ ቢያበራ «አጥፋው!» ብለው ጮኹበት።

መብራቱ ሲመጣ ያቺ ሴትዮ በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ሲጨርስ እኔው ጋ መጣ። የዘጌ ቡና ነው ስለው ሦስት ስኒ አከታተለ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ ድምፁ ሻክሯል። ፎቶ ፈላጊው ከቦታል። እሱ ወደኔ ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ከኋላ ያሉት ሰሙ?» አለኝ።

«ሰምተናል» አልኩት።

ለነገሩ ደበበ እሸቱም በ1973 እ.ኤ.አ. የሆሊውድ ፊልም ላይ ሲታይ የመድረክ ሰው ነበር። ይሄን እንኳ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቡድናችሁ ወደዚህ የሚመጣ ከሆነ ቀኑን ቀድመሽ ንገሪኝ። ቆሮሶ ላስይዝ፤ በጠዋት ከአሳ አጥማጆቹ እጅ ካልወሰዱት ጥሩው አይገኝም። አባትሽ ከፊት ወንበር ይያዝልኝ ብሏል። እኔ ከኋላ ነው የምቀመጠው።

እናትሽ