«ይመለሳል» ብዬሽ ነበር

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽንስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ቅዳሜ ዕለት ከልጄ ጋር ፖኬሞን የሚባለውን ካርቱን ስናይ አረፈድን። ትዝ ይልሻል? አንቺ «ቢጫዋ ድመት» የምትያት ፒካቹ ያለችበት። ልጄ ሳታስበው 21ኛውን ክፍል ከፈተችው። የቢራቢሮውን። ገና ሲጀምር ሆዴ ባባ።

በፈረንጆቹ 1999 ነበር፤ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከገባን ዓመት አልሞላንም። አንቺ ከአረጋውያን መጦሪያው የሌሊት ሥራ ጠዋት ትመለሻለሽ። ነጭ የሥራ ጫማሽን ሳታወልቂ፣ ካፖርትሽን እንደለበስሽ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትያለሽ። ያኔ የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። የሐኪሙንም፣ የትምህርት ቤቱንም፣ የመብራት ሒሳቡንም። ካርቱኑንም እንደዚያው።

ታሪኩን አሁን በትክክል ልንገርሽ። አሽ የሚባለው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ የያዘው ፖኬሞን፣ ማለትም የካርቱኑ ፍጡር፣ አባጨጓሬ ነበር። አድጎ ቢራቢሮ ሆነለት። በዚህ ክፍል ቢራቢሮዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ባሕር ሊሻገሩ ይሰበሰባሉ። የአሽም ቢራቢሮ አንዲት ሮዝ ቀለም ያላት ቢራቢሮ ይወዳል፤ መጀመሪያ እምቢ ትለዋለች። ሌቦች በሄሊኮፕተር መጥተው ሁሉንም በመረብ ሲያፍሷቸው ግን ታግሎ ያስፈታቸዋል። ያን ጊዜ ልቧ ይራራለታል። ከዚያ አብሯት መሄድ አለበት። አሽ እያለቀሰ ይሸኘዋል።

ዝም ብለሽ ስታዪ ቆየሽና «ልጁ ምን አለ?» አልሽኝ።

«ይመለሳል አለ» አልኩሽ።

እማዬ፣ እኔ እኮ ልጁ ያለውን አልሰማሁም። ዐይኔ አንቺ ላይ ነበር። ወንድሜ ወረቀቱ አላልቅ ብሎት አዲስ አበባ ከአያቴ ጋር ቀርቷል። አንቺ የመታወቂያሽን ገመድ ጣትሽ ላይ ትጠቀልያለሽ፣ ትፈቺያለሽ፣ መልሰሽ ትጠቀልያለሽ። ስለዚህ ከራሴ ፈጥሬ ነገርኩሽ። «ተመስገን» አልሽና ልትተኚ ገባሽ።

ሌላም ነገር አለ። «የዚህ ልጅ ድምፅ የሴት ነው» ስትዪኝ እንዴት እንደምከራከርሽ! ልክ ነበርሽ። ያኔ በእንግሊዝኛው አሽን ሆና ትናገር የነበረችው ቬሮኒካ ቴይለር የምትባል ሴት ናት። ቋንቋውን ሳትሰሚ ድምፁን ለየሽው። ከቅዳሜ ጀምሮ የሚያብሰለስለኝ ይኸው ነው። ያን ያህል ድምፅ የምትለዪ ከሆነ፣ የእኔንስ? እስከ ዛሬ አምነሽኛል ብዬ ነው የኖርኩት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ እደውላለሁ፤ ያኔ ንገሪኝ። ልጄም ልታናግርሽ ትፈልጋለች። «ቢራቢሮው ይመለሳል?» ብላ ይዛኛለች። «አያትሽን ጠይቂ» ብያታለሁ።

ናፋቂሽ ልጅሽ