ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ስለ ፕላኔቶችና ጨረቃዎች አፈጣጠር ትምህርት እና ስለ ምሽት የሰማይ ምልከታ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ከሰሞኑ አንዳንዶቻችሁ ወደ ቢሮ መጥታችሁ፣ ልጆቻችሁ በሳይንስ ደብተራቸው ላይ «ጨረቃ የተሠራችው ከግጭት ፍርስራሽ ነው» ብለው የጻፉት ከምን ተነሥቶ እንደሆነ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ለሁላችሁም በጽሑፍ መመለስን መርጠናል።

በዚህ ምዕራፍ ተማሪዎች እንዲይዙት የምንፈልገው ዋና ሐሳብ፣ ፕላኔቶችም ሆኑ ጨረቃዎች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት በአብዛኛው በተፈጠሩበት ቦታና ሁኔታ ምክንያት መሆኑን ነው። ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ ሰፊ የጋዝና የአቧራ ደመና በራሱ ስበት ተሰብስቦ መካከሉ ፀሐይ ሲሆን፣ የቀረው ጥቂት ቁስ በዙሪያዋ ዝርግ ሆኖ መሽከርከር ያዘ፤ ፕላኔቶችም ከዚህ ትርፍ ተሠሩ። በውርጭ ወቅት የመንዝ ሜዳ ሌሊቱን ነጭ ለብሶ ሲያድር ሸዋ ሮቢት ግን ውርጭ እንደማያውቅ ሁሉ፣ በዚያ ዝርግ ውስጥም ውኃ ወደ በረዶነት የሚለወጠው ከፀሐይ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለው ሙቀት ጠጣር ሆነው የቆዩት ድንጋይና ብረት ስለነበሩ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ መሬትና ማርስ አነስተኛና ድንጋያማ ሆነው ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ግን በረዶው ተጨምሮበት ጠጣሩ ቁስ ስለበዛ፣ ጁፒተር ፈጥኖ አድጎ ሃይድሮጅንና ሂሊየምን በስበቱ ሊያከማች ቻለ፤ ዛሬ ቁሱ ከመሬት 318 እጥፍ ነው።

ርቀት ብቻውን ግን ሁሉን አይወስንም፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ቬነስ ከሜርኩሪ ይልቅ ከፀሐይ የራቀ ቢሆንም፣ ጥቅጥቅ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባቢ አየሩ ሙቀቱን አምቆ ስለሚይዝ፣ የገጹ ሙቀት ወደ 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል።

ጨረቃዎች የተገኙበት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው አራቱ የጁፒተር ትልልቅ ጨረቃዎች ፕላኔቱን ከከበበው የጋዝና የአቧራ ዝርግ እዚያው እንደተፈጠሩ ይታመናል። የኔፕቱን ጨረቃ ትራይተን ግን ፕላኔቱ ከሚሽከረከርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ስለሚዞር፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ በስበት የተያዘ ሳይሆን አይቀርም። የእኛዋን ጨረቃ በተመለከተ ሳይንቲስቶች ይበልጥ የሚቀበሉት ማብራሪያ፣ ማርስን የሚያህል አካል ከገና ጀማሪዋ መሬት ጋር ተላትሞ፣ የተበተነው ፍርስራሽ በምሕዋር ላይ ተሰብስቦ ጨረቃን ሠራ የሚለው ነው። ለዚህም ማስረጃ የሆኑት የአፖሎ ተጓዦች እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972 ያመጧቸው 382 ኪሎ ግራም ያህል ድንጋይና አፈር ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው የኦክስጅን ዓይነት ከመሬት ጋር እጅግ ይመሳሰላል። የጨረቃ የብረት እምብርትም ከመሬት ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። የግጭቱ ዝርዝር ገና የሚያከራክር በመሆኑ መምህራኖቻችን ይህንኑ ጨምረው እንዲያስረዱ ተነግሯቸዋል። በጨረቃ ፊት ላይ የሚታዩት ጠቆር ያሉ ቦታዎች የረጋ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ናቸው፤ ድንጋያቸው ባዛልት የሚባለው ሲሆን፣ በእኛ ደጋ ለግንብና ለአጥር የምናውለው ጥቁር ድንጋይም ከዚሁ ወገን ነው።

ተማሪዎች የተማሩትን በዓይናቸው እንዲያዩ ዓርብ ታኅሣሥ 17 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ግቢ ምልከታ ይደረጋል። የእሑዱ የገብርኤል በዓል መንገደኛ የሚያደርጋቸው ቤተሰቦች እንዳይቸገሩ ቀኑን ወደ ዓርብ አምጥተነዋል። ጨረቃ በዚያ ምሽት ግማሽ ለመሆን የተቃረበች ስለሆነች የጉድጓዶቿና የተራሮቿ ጥላ ጎልቶ ይታያል፤ ሙሉ ስትሆን ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ይህ ጥላ ይጠፋል። ሳተርን ለጨረቃ ቀረብ ብሎ፣ ጁፒተር ደግሞ በምሥራቅ በኩል ይታያሉ። ባይኖክላር ያላችሁ ብታውሱን፣ ግንብ ላይ አስደግፈን የጁፒተርን ጨረቃዎች ለማሳየት እንሞክራለን፤ የሳተርንን ቀለበት ለማየት ግን ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።

ምሽቱ ብርድ ስለሚሆን ልጆቻችሁን ጋቢ ወይም ወፍራም ልብስ አልብሳችሁ፣ ራሳችሁ አምጥታችሁ ራሳችሁ እንድትወስዱ በጥብቅ እናሳስባለን። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ያልተከተለውን ተማሪ አንቀበልም። ፈቃዳችሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተያያዘው ቅጽ ላይ ፈርማችሁ እስከ ታኅሣሥ 14 ቀን ለክፍል ኃላፊ መምህሩ እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር