በሳህን 6 ብር ከስሙኒ

ሲያትል፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ እዚህ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ለእህቷ ሠርግ ባሕር ዳር ትመጣለች። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ነገሩ ደግሞ ሒሳብ አለው። ሒሳብ በሚቆራረጥ ስልክ አይሆንም።

ባለፈው ያልሽኝን አልረሳሁትም። መጀመሪያ «ደመወዛችሁ ተጨመረ አሉ፣ እንግዲህ ጨምረህ ላክ!» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ቀጥለሽ ግን ድምፅሽ ተለወጠ። የዓሣ ምግብ ቤትሽ አምስቱ ሠራተኞች ተሰብስበው መጥተው «መንግሥት ለሠራተኛው መነሻውን 6000 ብር አደረገ፣ እኛስ?» አሉሽ። አንቺም «እሺ ካልኩ ቤቴን መዝጋቴ ነው። እዚያ አገር ደመወዝ በሕግ ሲጨመር ቤቶች አልተዘጉም ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መስመሩ የተቋረጠው እዚያ ላይ ነው።

በቀላሉ ልጀምር። የእኔ ጭማሪ በሰዓት 54 ሳንቲም ናት። የከተማው ዝቅተኛ ደመወዝ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ጀምሮ ከ20.76 ዶላር ወደ 21.30 ዶላር ከፍ ብሏል። በሳምንት 36 ሰዓት እሠራለሁ። ስታባዢው 19 ዶላር ከ44 ሳንቲም ይመጣል፣ ግብር ሳይነሳላት። አከራዬ ደግሞ ዜናውን ከእኔ ቀድሞ ነው የሰማው። ስለዚህ ላክ ያልሽውን በዚህ ያዢልኝ።

ትልቁ ጭማሪ የመጣው አምና ነበር። ይህች ከተማ በ2014፣ በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ በሰዓት 15 ዶላር ብላ ሕግ አወጣች። ለትንንሽ ቤቶች ግን ጊዜ ሰጠቻቸው። ትንሽ ቤት ቲፑን ወይም የጤና መድኑን ከደመወዙ ጋር ቆጥሮ አነስ ያለ ደመወዝ መክፈል ይችል ነበር። እኔ የምሠራበት ምግብ ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው፤ 17.25 ነበር የሚከፍለን። የፋታው ጊዜ አልቆ በጃንዋሪ 2025 አንድ ሌሊት አድሮ 20.76 ሆነ። በሰዓት ሦስት ዶላር ተኩል! ወጥ ቤት ውስጥ ተቃቅፈን ጨፈርን።

ደስታው ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ የሺፍት ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። 40 የነበረው ሰዓቴ 33 ሆኗል። ሰኞ ቤቱ ዝግ ነው ተባለ። የምግብ ዝርዝሩም አዲስ ዋጋ ለበሰ። እኔ የድሮና የአዲስ የደመወዝ ወረቀቴን ጎን ለጎን አድርጌ አየሁ። በ40 ሰዓት 690 ዶላር። በ33 ሰዓት 685። አምስት ዶላር ከሰርኩ ማለት ነው፣ የቲፑን ነገር ትተን። ባለቤቱን ረገምኩት፤ ልዋሽሽ አልችልም።

በኋላ ግን አሰብኩት። ሰባት ሰዓት ተመልሶልኛል። ለአምስት ዶላር ስንት ሰዓት ከድስት ጋር መታገል ነበረብኝ? ሰኞ ሰኞ መተኛት ጀመርኩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ወገቤ ቀና አለ። ክረምቱ አልፎ ደንበኛው ሲመለስ ሰዓቱም ወደ 36 ተመለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ከድሮው የተሻለ እያገኘሁ ነው፣ ባነሰ ሰዓት። ቤቱም አልተዘጋም። ሁለት ቤት አልፎ ያለው ሳንድዊች ቤት ግን ተዘግቷል። ባለቤቱ በደመወዙ ነው ይላል። እኔ ምሳ ሰዓት እንኳ ሰው አይቼበት አላውቅም፤ ቢሆንም እሱን እሱ ያውቃል።

የተማሩትም በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የዚህችው ከተማ ደመወዝ 13 ዶላር ሲደርስ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች አጠኑት። በ2017፣ ይህም በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ በአንድ ሰሞን ውጤታቸውን አወጡ። የዚህችው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የዝቅተኛ ተከፋዮች የሥራ ሰዓት ወደ 9 በመቶ ቀነሰ አሉ። የካሊፎርኒያዎቹ ደግሞ ምግብ ቤቶችን አይተው የጠፋ ሥራ የለም አሉ። በዓመቱ የዚህችው ከተማ ቡድን አንድ ነገር ጨመረ፤ እሱ ነው ልቤ ውስጥ የገባው። ድሮም ሥራ ላይ የነበረና ልምድ ያለው ሰው ተጠቅሟል። አዲስ ሥራ የሚገባ ሰው ግን ቁጥሩ ቀንሷል። እውነት ነው። እኔ በመጣሁበት ጊዜ እንግሊዝኛ ሳልችል ሳህን አጣቢ ሆኜ በሁለተኛው ቀን ገባሁ። ባለፈው ዓመት የመጣው የጎረቤታችን ልጅ ሦስት ወር ለፍቷል። «ልምድ አለህ?» ነው የሚሉት። በዚህ ደመወዝ ማንም ጀማሪ ማስተማር አይፈልግም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ግን በአባዬ በኩል ነው የማልፈው።

አባዬ ሌሊት ጣና ላይ አድሮ ሲመጣ ታስታውሻለሽ። ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ግማሹ ሰጥሞ፣ ቀረሶው ከእግሩ ስር። እነዚያ ትልልቅ ነጭ ወፎች አንጀቱን ሲጠብቁ። እኔና አንቺ ደንገሉ እንዲደርቅ ታንኳውን ዳገት ላይ አቁመን እናስደግፈው ነበር። ዓሣውን የሚገዛው ማን ነበር? ያ ማቀዝቀዣ ያለው ሰውዬ ብቻ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። አባዬ «አይሆንም» ቢል ዓሣው እስከ ቀትር አይቆይለትም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ይሰጠዋል። ስንቱ አጥማጅ በዚያ ዋጋ ተስፋ ቆርጦ መረቡን ሰቅሎ ቀን ሥራ ገባ።

በኋላ አጥማጆቹ ተሰባስበው «ከዚህ በታች አንሸጥም» ሲሉ ሰውዬው መግዛቱን አቆመ እንዴ? አላቆመም። ያኔም ያተርፍ ነበራ! እንዲያውም መረባቸውን የሰቀሉት ተመለሱና ዓሣው በዛለት። ያጣው ነገር ቢኖር ድሮ በሌላው ችግር ያገኝ የነበረውን ትርፍ ነው። ግን እነ አባዬ ስግብግብ ሆነው በእጥፍ እንሸጣለን ቢሉ ኖሮ ያ ሰው ማቀዝቀዣውን ነቅሎ ይሄድ ነበር። ዓሣው ባሕር ዳር ላይ ይሸት ነበር።

የሠራተኛም ነገር ይኸው ነው። ጉልበት እንደ ዓሣ ነው፤ የዛሬው ለነገ አይቀመጥም። ካርድ እና ክሩገር የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ1992፣ አሁንም በእነሱ አቆጣጠር፣ ኒው ጀርሲ የሚባል ግዛት ደመወዙን ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ሲያደርግ እዚያና ከጎኑ ባለው ግዛት 410 ፈጣን ምግብ ቤቶችን ጠየቁ። የጨመረውን ካልጨመረው ጋር አስተያዩት። ሥራ ይቀንሳል ሲባል አልቀነሰም። ካርድ በ2021 ኖቤል ሲሸለም ይህም ከተጠቀሱለት ሥራዎቹ አንዱ ነበር። ክሩገር ያኔ አልፏል። እኔ ሳነበው የታየኝ የአባዬ ማቀዝቀዣ ያለው ሰውዬ ነው።

እንግዲህ አንቺ የትኛዋ ነሽ? አትቆጪ፤ ማቀዝቀዣ ያለሽ አንቺ ነሽ።

ሒሳቡን እንሥራ። አምስት ሠራተኛ አለሽ። ለእያንዳንዳቸው 3000 ብር ትከፍያለሽ፣ ምግባቸው ካንቺ ነው። ሕጉ መጥቶ «6000» አለ እንበል። 15,000 ብር በወር ተጨማሪ ወጪ ነው። ሲነገር ያስደነግጣል። ግን ደህና በሚባል ቀን ጥብሱን፣ ጉላሹን፣ ዱለቱን ደምረሽ 80 ሳህን ታወጫለሽ ብለሽኛል። በወር 2400 ሳህን። 15,000ን ለ2400 አካፍዪው። በሳህን 6 ብር ከስሙኒ ነው። ዘይት ሲጨምር ከዚህ በላይ ጨምረሽ አታውቂም? ያን ቀን ማን ዓሣ አልበላም ብሎ ተመለሰ?

ደግሞ እንዲህ ብለሽ እንደምትመልሺልኝ አውቃለሁ፤ «80ው የድሮ ነው።» ልክ ነሽ። ሰላሙ ከደፈረሰ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ቀርቷል። ዘጌና ገዳማቱን ሊያይ የሚመጣው ፈረንጅም የለም። ባጃጅ በጊዜ ሲገባ የማታ ገበያ የለም። በ40 ሳህን ከሆነ ጭማሪው 12 ብር ተኩል ነው። ይሄ ይከብዳል። እዚህ ያለው ጥናት ሁሉ ሰው በሚበላበት ከተማ የተሠራ ነው። ደንበኛ በጠፋበት ከተማ ዝቅተኛውን ደመወዝ በአንድ ቀን ከፍ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ቡና የምታፈላውን ጎረቤትሽን አስቢያት። አንዲት ረዳት ናት ያለቻት። እሷን 6000 ክፈዪ ብትያት ነገ ልጅቷን ሸኝታ ራሷ ታፈላለች።

ሌላው ያነሳሽው የገበያው ነገር ነው። «ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሊጨመር ነው ሲባል፣ ሳይጨመር በፊት ሽንኩርት ይጨምራል» አልሽ። ይህን እዚያም እዚህም ሰው ይለዋል። ግን ነገር አናምታታ። በጥቅምት 2017 የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ከ1100 ወደ 4760 ብር ሲወጣ ገንዘቡ ከዚያ በፊት ቀልሎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብሩ ገመድ ተለቀቀ። 57 ብር የነበረ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ዘይትሽም፣ የባጃጅ ጎማም በዚያ ነው የሄደው። ደመወዙ ዋጋን ከኋላ እየሮጠ ሊደርስበት የሞከረ ነው። ነጋዴው ግን ምክንያት አገኘ፤ ምክንያት ያገኘ ነጋዴ ደግሞ ታውቂዋለሽ። አንቺን አላልኩም።

ለግል ቤት ሠራተኛ ሕጉ ምን ይላል ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ እሱ እያጠና ዝቅተኛውን ይወስናል ይላል። የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን ኢሠማኮም በየሜይ ዴይ ያንኑ ይጠይቃል። አዋጁ ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎታል። አንቺ ቤት ያሉት ልጆች ዛሬም የሚያገኙት ካንቺ ጋር የተስማሙትን ነው። እኔ ሕጉ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቴ ላንቺም ነው። ብቻሽን ብትጨምሪ ከጎንሽ ያለው ቤት ሳህኑን በርካሽ እየሸጠ ደንበኛሽን ይወስዳል። ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ብትጨምሩ ግን ማንም ማንን አይቀድምም። ከመጣ ደግሞ ቀስ እያለ ይምጣ፤ ለትንሹ ቤት ጊዜ ይሰጥ። የእኛው ባለቤት አሥር ዓመት ተሰጥቶት እንኳ በመጨረሻው ቀን ነው የደነገጠው።

ሕጉ እስኪመጣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ያቺን ከደራ የመጣችውን ልጅ፣ ፊሌቶ የምታወጣዋን። ባለፈው በቪዲዮ ስታሳዪኝ አይቻታለሁ። ቢላዋውን ከጭንቅላቱ ስር አስገብታ፣ አጥንቱን ታክካ በአንድ ስባት ነው የምታወርደው። ሥጋ አታስቀርም። ከእሷ በፊት የነበረችው ምን ያህል ሥጋ ከአጥንቱ ጋር ለወፎቹ ትጥል እንደነበር አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ያቺን ለማስተማር ሁለት ወር ፈጀብሽ፤ ስትለምድ ዓረብ አገር ሄደች። ይቺም ፓስፖርት እያወጣች ነው ብለሽኛል። በ3000 ብር ለምን ትቆይ? ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በእኛ 2011 የልብስ ሰፊ መነሻ በወር 26 ዶላር በነበረበት ጊዜም ሠራተኛው ገብቶ ይወጣ ነበር። ፋብሪካዎቹ ያለ ማቋረጥ አዲስ ሰው ሲያሠለጥኑ ነው የኖሩት። እኛ ወጥ ቤትም ከጭማሪው ወዲህ አንድ ሰው ብቻ ነው የለቀቀው። ድሮ በየወሩ አዲስ ፊት ነበር።

ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከእማዬ ጋር ጨርሱት፤ እኔ የለሁበትም። ግን ሳህኑ በዚያ ወቅት እንደሚበዛ ሦስታችንም እናውቃለን። ለእሷ ከዚያ ጀምረሽ 1500 ጨምሪላት። ለሌሎቹ አምስት አምስት መቶ። በጠቅላላው 3500 ብር ነው። ሁለት ወር ገደማ ለሚቆየው ጾም የዚህን ግማሽ እኔ እልካለሁ፤ የ19 ዶላሯ ጭማሪ ለዚህ ትበቃለች። ከፋሲካ በኋላ ራስሽ ትወስኛለሽ።

አንድ ደብተር ግዢ። በየቀኑ ስንት ሳህን እንደወጣ፣ ስንት ኪሎ ቀረሶ እንደገባ፣ ስንት ኪሎ ፊሌቶ እንደወጣ ጻፊ። አምባዛውን ለብቻ። ልጅቷ መጻፍ ከቻለች እሷ ትጻፈው።

ለእማዬ የዓይን ጠብታዋን ልኬአለሁ፤ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ ነው። ላንቺ ሁለት የዓሣ ቢላዋ አለ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለው። አንደኛውን ለዚያች ልጅ ስጪልኝ። መልእክተኛዋ የካቲት መጨረሻ ትመለሳለች፤ በርበሬውን ከማብዛትሽ በፊት ሻንጣዋ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ጠይቂያት። የደብተሩን የመጀመሪያ ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርገሽ አብረሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ