የኤሌክትሪክ ክበባችን ዓመት፦ የፒካፓችን የኋላ መብራት

ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ነገር ነካክቷል። የቤተ ሙከራውን የተበላሹ ሶኬቶች ቀይረናል፣ ለወላጆች ቀን ትንሽ ጄኔሬተር ሠርተን አሳይተናል። በሰፊው ልጽፍ የምፈልገው ግን ስለ ትምህርት ቤታችን ፒካፕ ነው፤ ልጆቹ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሸመደዱት የኦም ሕግ (ከረንት በቮልቱና መንገዱ ላይ ባለው ተቃውሞ እንደሚወሰን የሚናገረው) በእጃቸው ሲሠራ ያየሁት እዚያ ላይ ነውና።

ክረምቱ እንደወጣ ሾፌራችን መጡና «የቀኙ የኋላ መብራት አብዷል፤ ፍሬቻ ሳበራ የፍሬኑም አብሮ ጭል ጭል ይላል» አሉን። ማታ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲመለሱ ከኋላቸው ያለው ባጃጅ ሊታጠፉ ይሁን ሊቆሙ አይለይም። ይሄ አደጋ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት አምፑሉን ነው። ነቅለው በቀጥታ ከባትሪ ጋር ሲያገናኙት ቦግ አለ። ፊውዙም ደህና ነው። አንዱ ልጅ «ለማንኛውም በትልቅ ፊውዝ እንቀይረው» ብሎ ነበር። ፊውዝ ሽቦው እንዳይቃጠል ጠባቂ ነው፣ ከተመደበለት አምፔር በላይ ማስገባት እሳት መጥራት ነው፤ ይህን ለማንም ደጋግሜ እናገራለሁ። ከዚያ አምፑሉ የወጣበት ሶኬት ላይ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ሲያደርጉ 12.4 ቮልት አነበበ። አምፑሉን ሲመልሱት ግን ያው ድንግዝግዝ። ክርክሩ ጦፈ፦ ቮልቱ ካለ ለምን በደንብ አይበራም?

የደረሰችበት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ናት። ቴስተር የሚስበው ከረንት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ያን ያህሉን የዛገ መገናኛም ያሳልፋል። 21 ዋት የፍሬን አምፑል ግን በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይፈልጋል፣ ያኔ ዝገቱ ቮልቱን ይበላዋል። ስለዚህ መለካት ያለበት መብራቱ በርቶ ነው። አንዱን የቴስተር ጫፍ የመብራቱ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረጉና «ጋሼ፣ ፍሬን ይያዙ!» ብለው ጮኹ። ዜሮ አካባቢ መሆን የነበረበት ከ4 ቮልት በላይ ሆነ። ከረንቱ መመለሻው ሲጠብበት በጎረቤት አምፑል በኩል ዞሮ ይሄዳል፤ ፍሬቻው የፍሬኑን መብራት የሚነካካው ለዚህ ነው።

የመብራቱን የኔጌቲቭ ሽቦ በእጃቸው እየዳሰሱ ተከተሉት። ከቦዲው ጋር የታሰረበት ብሎን ጭቃ ለብሷል፣ የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተን ብሎኑን አወጣን፣ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው፣ አጥብቀን አስረን ከላይ ግሪስ ቀባነው። እንደገና ስንለካ 0.1 ቮልት። አንድም ዕቃ አልተገዛም።

ለሚቀጥለው ዓመት የፊት መብራትና ሪሌ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) መፍታት እንፈልጋለን። ቴስተራችን አንድ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ይሻሙበታል። ወላጆች፣ ቤታችሁ ሥራ ያቆመ የመኪና መብራት፣ ሪሌ ወይም ትርፍ ቴስተር ካለ በልጆቻችሁ ላኩልን።