እማዬ፣ ዘንድሮ ሁለቴ ተወለድኩልሽ

ስቶክሆልም፣ ሰኔ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ብዙ ማውራት ስለሚያደክምሽ ነው የጻፍኩልሽ። ማሙሽ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። እየዘለለ እንዳይሆን።

ያረፍኩት እዚያች ጎረቤታችን የነበረችው ዘንድ ነው። ጀበናሽን ሰብራ ሦስት ቀን በደጃችን ያላለፈችው። አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ቤታቸው ሺስታ የሚባል ሰፈር ነው። የላክሽላትን በርበሬ ከፍታ አሸተተችውና ዝም አለች። ቆይታ "እትዬ አሁንም ኮረሪማ ያበዛሉ" አለች።

እዚህ ፀሐይ መግባት አታውቅም። ከምሽቱ 4 ሰዓት አለፍ ሲል ትገባለች፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሳ ትወጣለች። እራት በልተን፣ ሳህን አጥበን፣ ገና ቀን ነው። አንቺ ብትሆኚ የማታ ጸሎትሽን ስንት ሰዓት ላይ ታደርሺ ነበር እያልኩ ብቻዬን እስቃለሁ። ሥራዬ መብላት፣ መተኛትና ሐይቅ ዳር መቀመጥ ሆኗል። ወፍሬያለሁ፤ ደስ ይበልሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ግን አለ። ሰኔ 5፣ አርብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የተኛሁበት ክፍል በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ባልና ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ አንዲት ጎረቤታቸው ሳይቀሩ ተሰልፈው ገቡ። መቼም ሰው በማለዳ ተሰብስቦ መኝታ ቤት ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። መርዶ ነው። ልቤ ቀጥ አለ። "እማዬ ናት?" ብዬ ጮህኩ። እነሱ ደግሞ በስዊድንኛ መዝፈን ጀመሩ!

ለካ እዚህ አገር ልደት እንዲህ ነው የሚከበረው። ባለልደቱ ከአልጋው ሳይነሳ፣ ሻማ የበራበት ትሪ ይዘው እየዘፈኑ ይቀሰቅሱታል። ጓደኛዬ ፊቴን ስታይ ነገሩ ገባት። ትሪውን አስቀምጣ አቅፋኝ አለቀሰች። ልጆቹ ግራ እየገባቸው ዘፈኑን ጨረሱት።

ደሞ ቀኑም አልነበረም እኮ። ፓስፖርቴ ላይ ሰኔ 12ን ጁን 12 ብለው ነው የጻፉት፤ ዓመቱን ቀይረው ቀኑን ትተውታል። ስንት ጊዜ ተመላልሼ አልስተካከል ሲለኝ ተውኩት። እንደ ወረቀቱ ከሆነ በአቦ ዕለት ነው የወለድሽኝ! ኬኩ አረንጓዴ ሆኖ ውስጡ ክሬም ነበር። በዕለተ አርብ፣ ያውም በሰኔ ጾም። በላሁት እማዬ። ለነፍስ አባትሽ እንዳትነግሪብኝ።

እውነተኛው ቀኔ፣ የሚካኤል ዕለት፣ ከእነሱ የበጋ በዓል ዋዜማ ጋር ገጠመ። ስካንሰን ሄድን። በነሱ አቆጣጠር በ1891 የተከፈተ ቦታ ነው፤ የድሮ ቤቶችን ከየገጠሩ ነቅለው አምጥተው ተክለውበታል። ጣሪያቸው ላይ ሣር የበቀለባቸውም አሉ። በቅጠልና በአበባ የተሸፈነ ረጅም ምሰሶ ያቆሙና ትልቅ ትንሹ ዙሪያውን እንደ እንቁራሪት እየዘለለ ይጨፍራል። ከረባት ያሰረ ሽበታም ሰውዬ ሳይቀር! እሳት የሌለው ደመራ በይው። ትንሿ ልጅ አበባ ጎንጉና ራሴ ላይ ደፋችልኝ። ምሳችን እንስላል የተነሰነሰበት አዲስ ድንችና እንጆሪ ነበር። እነሱ ዓሣም ጨመሩበት፣ እኔ ግን ጾምኩልሽ።

ይቺው ልጅ "ስንት ሰዓት ላይ ነው የተወለድሽው?" አለችኝ። አፌን ያዝኩ። 40 ዓመት ሞልቶኝ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ሌሊት ነው? ወይስ ቅዳሴ ሲወጣ? ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ቡና ላይ ትነግሪኛለሽ።

ሹራብ ልካልሻለች። "የጀበናው ካሳ ነው በይልኝ" ብላለች።

ልጅሽ