የሳቫናና የቻርለስተን ጉዟችን

ሰላም ውድ አባሎቻችን፣

ቅዳሜ ጠዋት ከአትላንታ ተነስተን ሳቫና እንገባለን። አርቪዎቹን (መኝታና ማብሰያ ያላቸውን ትልልቅ የጉዞ መኪኖቻችንን) ካምፕ አቁመን መሃል ከተማ በትንንሽ መኪና እንሄዳለን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ዝቅ ያሉት የኦክ ዛፍ ቅርንጫፎችም የአርቪው ጣሪያ ላይ ያለውን ኤሲ (ማቀዝቀዣ) ይመቱታል። በ1733 የተቆረቆረችው ሳቫና 22 አደባባዮቿ ዛሬም አሉ። የሚያምሩት በእግር ነውና ምቹ ጫማ አድርጉ።

ቻርለስተን ላይ ግን አንቸኩል። በ2023 የተከፈተው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም የቆመው፣ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ከመርከብ የወረዱበት ጋድስደን ወደብ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄ እንዳይቀር። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።

ቲኬት ቀድመን ስለምንቆርጥ ስንት እንደሆናችሁ እስከ ሐሙስ ንገሩኝ። የውሃ ጎማና የመብራት ገመድ እንዳትረሱ።