ማሳደጊያ ውስጥ ያለ ወጣት ቶሎ ቶሎ የማይለወጥ ሰው ያስፈልገዋል

ክቡር አዘጋጅ፦

በማሳደጊያ ተቋማት ስለሚኖሩ ወጣቶች የአእምሮ ጤና በተነሳ ቁጥር የሚቀርበው መፍትሔ የሥነ ልቦና ባለሙያ መቅጠር ነው። ባለሙያ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ ባለሙያው ከልጁ ጋር የሚቀመጠው ምናልባት አንዱን ሰዓት ነው። በቀረው ጊዜ ልጁን የሚቀሰቅሰው፣ የሚያበላው፣ ሲቆጣ የሚያበርደው፣ ማታ መብራት የሚያጠፋለት ተንከባካቢው ነው። ስለዚህ ለወጣቶቹ ጤና የሚያስብ ተቋም መጀመሪያ የተንከባካቢዎቹን የፈረቃ ሠንጠረዥ ይመልከት።

ይህን የምንለው ከመሬት ተነስተን አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቡካሬስት ውስጥ በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ተለይተው ግማሾቹ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ፤ የቀሩት በነበረው አያያዝ ቀጠሉ። ልጆቹ 12 ዓመት ሲሞላቸው በተደረገው ክትትል፣ መጀመሪያ ከተረከባቸው ቤተሰብ ጋር የቆዩት ቤት ከቀያየሩት ይልቅ የጠባይ ችግራቸው ቀንሶ ታይቷል። ማሳደጊያ ቤተሰብን አይተካም፤ ሠራተኞቹን ማቆየት ግን ይችላል።

በስምንት ሰዓት ፈረቃ የሚሠራ ቤት በሳምንት 21 ጊዜ ተረኛ ይቀይራል። በዚህ ላይ ሠራተኛ በየጥቂት ወሩ ሲለቅ ልጁ ማንንም አለመቅረብን ይለምዳል፤ ኋላ ባለሙያው ፊት ሲቀርብ አፉን የማይከፍተውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ወጣት በስም የተመደበች አንድ ተንከባካቢ ትኑረው፤ እሷም ከአራት ወይም ከአምስት ልጅ በላይ አትያዝ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ምሽት በመኝታ ሰዓት ትገኝ፤ ቀን በትምህርትና በጨዋታ የተሸፈነው ሐሳብ የሚመጣው ያኔ ነውና። ሥራ የምትለቅ ከሆነ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ራሷ ትንገረው፣ ተተኪዋንም ራሷ ታስተዋውቀው። «ዕረፍት ላይ ናት» እየተባለ በዚያው መቅረቷ ልጁ ቀድሞ የሚያውቀውን መጣል ይደግምበታል።

የርክክብ መዝገቡም ብዙ ይበላሻል። «ዛሬ ረብሻለች» የሚል ጽሑፍ ለአዳር ተረኛዋ ምንም አይነግራትም። «ወንድሟ እደውላለሁ ብሎ ሳይደውል ቀረ፤ እራቷን አልነካችም፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ተከናንባ ተኝታለች» ቢባል ግን ተረኛዋ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች፦ ገብታ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ስለ ወንድሟ ትጠይቃታለች፣ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ታያታለች። የታየው ይጻፍ፤ ፍርዱ ይቅር።

ትራስ ሥር ዳቦ መደበቅ፣ ከግቢ መጥፋት፣ በትንሽ ነገር መገንፈል በአብዛኛው እንደ ጥፋት ይቆጠራሉ። ተርቦ ያደገ ልጅ ዳቦ ቢደብቅ ነገን እየፈራ ነው፤ መድኃኒቱ ፍተሻ ሳይሆን ሁልጊዜ የሚያገኘው የሚበላ ነገር ነው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን «ጨዋ» የሚባለው ዝምተኛ ልጅ ነው። ድብርት ውስጥ ገብቶ ወራት ቢያሳልፍ፣ ማንንም ስላላስቸገረ ማንም አይጠይቀውም። እንቅልፉ፣ የምግብ ፍላጎቱ፣ ከጓደኞቹ መራቁ ወይም ይወደው የነበረውን ነገር መተዉ ሁለት ሳምንት ከቀጠለ ወደ ጤና ባለሙያ ይወሰድ።

ቅጣትን በተመለከተ አንድ ነገር ያለ ማለዘብ መነገር አለበት። ቤተሰብ እንዳይጠይቀው ወይም ከእህት ወንድሙ ጋር እንዳይነጋገር መከልከል ቅጣት ሊሆን አይገባም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ይህንን በግልጽ ይቃወማል። ልጅን ለማደንዘዝ መድኃኒት መስጠትንም እንዲሁ፤ መድኃኒት ልዩ ባለሙያ መርምሮ ሲያዝ ብቻ፣ ለሕክምና ሲባል ነው የሚሰጠው።

አንድ ወጣት መሞት እንደሚፈልግ ፍንጭ ሲሰጥ ብዙ ተንከባካቢ «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብሎ ይፈራል። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ሸክሙን ያቀልለታል። በተረጋጋ ድምፅ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። አዎ ካለ፣ እንዴትና መቼ እንዳሰበ፣ ለዚህ ያዘጋጀው ነገር እንዳለ ይጠየቅ። «ለማንም አልናገርም» ተብሎ ቃል አይገባለት፤ ለማን እንደሚነገርና ለምን እንደሆነ ይነገረው። ብቻውን አይተው፤ ክፍል ውስጥ መቆለፍ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። መድኃኒት፣ ምላጭ፣ የተባይ ማጥፊያ ከአካባቢው ይነሱ። ሐሳቡን የሚፈጽምበትን መንገድ ካሰበ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰድ፣ የሚያምነው ሰውም አብሮት ይሂድ። ከሕክምና ሲመለስ ነገሩ እንዳለቀ መቁጠር አደጋ አለው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ጥብቅ ክትትል ይፈልጋሉ።

የድብርት መድኃኒት የጀመረ ወጣት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስድበታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እረፍት ማጣት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል በየቀኑ ይታይ፤ መድኃኒቱም በድንገት አይቋረጥ። ልጁ ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር ማኅደሩ ኋላ ከቀረ ሕክምናው ሊቋረጥ ይችላል። የሐኪሙ ማስታወሻ ቅጂና የአንድ ወር መድኃኒት ከልጁ ጋር አብረው ይሂዱ።

18 ዓመት ሲሞላ መውጣት ለብዙዎች ሁለተኛ መፈናቀል ነው። ዝግጅቱ በ15 ወይም በ16 ዓመት ይጀመር። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ማስረጃውና የሕክምና ታሪኩ በእጁ ይሁኑ። ከአዋቂዎች ሐኪም ጋር የሚተዋወቀው የልጆች ክትትሉ ሳይዘጋ ነው። ከወጣ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚደውልለት ሰው በስም ይታወቅ፤ መጀመሪያ የሚደውለውም ተቋሙ ይሁን፤ የተቸገረ ወጣት ራሱ ለመደወል ያፍራልና።

በማሳደጊያ ተቋማት የምንሠራ የማኅበራዊ ሥራና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች